ጡሩምባ ያልተነፋበት ቤት

እትዬ መስኡዳ ማክሰኞ በማለዳ ሞቱ። ጡሩምባ ግን አልተነፋም።

በዚያች የሐይቅ ዳር መንደር ሞት ወግ አለው። ሰው ሲሞት የቅሬው፣ የመንደሩ እድር፣ ለፋፊ ከጉብታው ላይ ወጥቶ ጡሩምባውን ይነፋል። ያን ጊዜ እስላሙም ክርስቲያኑም የጠመደውን በሬ ይፈታል፤ መረብ የጣለ መረቡን ይተዋል፤ ባጃጅ የሚነዳውም ከአስፋልቱ ዳር አቁሟት ዶማና አካፋ ይዞ ይመጣል። ቃሬዛው የቅሬው ነው፤ ድንኳኑም፣ ቆፋሪውም፣ አስተዛዛኙም። ቅሬ የሌለው ቤት፣ ሀብታምም ይሁን ደሃ፣ ሬሳውን ታቅፎ ይቀራል።

ኢንሳፍ ከሽንኩርት ማሳዋ ተንበርክካ አረም ስትነቅል ነው ወንድሟ አሕመዲን ወሬውን ይዞ የመጣው። ፊቱ በርቷል።

«የዓሣ ፖሊሱ እናት ሞተች» አላት። «እንግዲህ እነዚያን ችካሎቹን ጠርቶ ያስቀብራ።»

ኢንሳፍ ቀና አላለችም። የሟቿ ልጅ አብዱልሰመድ አንገቱን ደፍቶ መንደሩን ሲለምን የምታይበትን ቀን ሦስት ወር ሙሉ ጠብቃዋለች። ያን ቀን አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል ብላ ነበር። ቀኑ መጣ፤ ቅቤው ግን ጉሮሮዋ ላይ ቆመ።

«ማን ይቀብራቸዋል?» አለች።

«ደብዳቤውን የጻፍሽ አንቺ፣ የምትጠይቂው እኔን?» ብሏት ወደ መንደሩ ወጣ።

*

ባሏ አብደላ ሲሞት ኢንሳፍ የሃያ ሰባት ዓመት ሴት ነበረች። ፊደል አልቆጠረችም። ወረቀት ሲመጣባት አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ታትማለች፤ ቀለሙ ከጣቷ ቶሎ አይለቅም፤ ሰው እንዳያየው በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍነዋለች። ልጇ ሰሚሃ ትምህርት ቤት የገባች ዓመት ቀበሌው የጎልማሶች ትምህርት ከፈተ። ልጄ ነገ ታፍርብኛለች ብላ ፈራችና ተመዘገበች።

ሐሙስና እሑድ ከሰዓት በኋላ ከግራሩ ሥር የሚያስተምራቸው አብዱልሰመድ ነበር። የመንደሩ ልጅ ነው። ተምሮ፣ ዲግሪ ይዞ፣ በወረዳው የሐይቅና የዓሣ ጥበቃ ባለሙያ ሆኖ ተመልሷል። ለሱ ደሴ ላይ ያለች አስተማሪ ወይም የባንክ ሠራተኛ ትታጫለች ይባል ነበር እንጂ፣ አንድ ልጅ ያላት፣ ሽንኩርት የምትኮተኩት መበለት ማንም አላሰበለትም። እሱ ግን አሰበ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጽፎ ዞር ሲል መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነው። እሷም ይህን እያወቀች ደብተሯ ላይ ታቀረቅራለች። የምትጽፈው ፊደል ያን ጊዜ ይጣመምባታል።

አንድ እሑድ ሰማያዊ እስክሪብቶ ሰጣትና፣ «የመጀመሪያ ደብዳቤሽን ለእኔ ጻፊልኝ» አላት።

«ምን ብዬ?»

«የፈለግሽውን። ስድብም ቢሆን።»

እትዬ መስኡዳ ደግሞ ከልጃቸው ቀድመው ነበር ያወቁት። ሰሚሃ ስትወለድ አምቡላንሱ ዘግይቶ መንገድ ዳር ምጥ የያዛትን ኢንሳፍን ነጠላቸውን አንጥፈው ያዋለዱ እሳቸው ናቸው። በጓሮ ሲያገኟት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ምራቴ» ይሏት ጀመር።

ዓሣው የሚራባበት ወቅት ደረሰና ትእዛዝ ወጣ። በእነዚያ ወራት ሐይቁ ላይ መረብ አይጣልም፤ ዓይነ ጠባቡ የናይለን ሞኖ መረብ ደግሞ በማንኛውም ጊዜ የተከለከለ ነው፤ ጫጩቱን ሳይቀር ጠርጎ ያወጣልና። በዚያው ሰሞን አብዱልሰመድ የሐይቁን ዳርቻ ለመከለል ችካል መትከል ጀመረ። ችካሉ የስንቱን ማሳ ለሁለት ገመሰ። ቀን ተክሎት የሄደውን ጠዋት ተነቅሎ ያገኘዋል። የሞተሩን ጎማ ሁለት ጊዜ በቢላ ቀደዱበት። መስጊድ ሲሰግድ ከአጠገቡ ያለው ሰው ፈቀቅ ይላል።

አሕመዲን ሐይቅ የሚገባው በአንድ ሞኖ መረብ ነበር። መረቡ የአብደላ ነው። አብደላ በመጨረሻው ክረምት፣ ሳንባው አላስተኛ ሲለው፣ ግድግዳውን ተደግፎ አንድ በአንድ እየቋጠረ የጠገነው መረብ ነው። ኢንሳፍ የባሏን ቋጠሮ በዳበሳ ታውቀዋለች።

አንድ ሐሙስ ትምህርቱ አብቅቶ ሰው ሲበተን አብዱልሰመድ አስቀራት።

«አሕመዲንን ምከሪው» አላት። «ያን መረብ ያስረክብ። ሐይቁ ላይ ካገኘሁት አላየሁም ማለት አልችልም።»

ኢንሳፍ ዓይኑን አየችው። ዓይኑ ውስጥ ያለው እሷ ነበረች። እንዲህ የሚያየኝ ሰው የእኔን መረብ አያቃጥልም ብላ አሰበች። ሳቀችና ሄደች። ለአሕመዲን ምንም አልነገረችውም።

በአሥረኛው ቀን አብዱልሰመድ ከሐይቁ ላይ የተያዙ ሰባት መረቦችን ከዳርቻው ከምሮ፣ ሰው በተሰበሰበበት ክብሪት ጫረባቸው። ሞኖ መረብ ሲቃጠል አመድ የለውም፤ ቀልጦ ጥቁር ድንጋይ ይሆናል። ኢንሳፍ ሰውን ገፍታ ስትደርስ የአብደላ ቋጠሮዎች እየተንጠባጠቡ ነበር። አብዱልሰመድን አየችው። እሱም አያት። ክብሪቱ እጁ ላይ እንዳለ አንገቱን ደፋ።

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። አብዱልሰመድ ግን አውሷታል፤ ፊደሉንም እስክሪብቶውንም። ኢንሳፍ በዚያው ሳምንት፣ በሰማያዊው እስክሪብቶ፣ በሕይወቷ የመጀመሪያ የሆነውን ደብዳቤ ጻፈች። ለቅሬው ነው የጻፈችው።

የቅሬው ሕግ የመንግሥትን ሥራ አይነካም። ታክስ የሰበሰበውን፣ ችካል የተከለውን፣ መረብ ያቃጠለውን ለሥራው ብሎ አያወግዝም። አንድ ነገር ግን አይታገሥም፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ሳያስጠነቅቅ ከጎዳ ከቅሬ ይወጣል። ኢንሳፍ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ስለዚህ በሦስተኛው መስመር ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ሳያስጠነቅቀን አቃጠለብን።»

ቅሬው ተቀመጠ። የቅሬው ዳኛ አያ አስረስ አብዱልሰመድን ጠርተው ደብዳቤውን ሰጡት። አነበበው። ረጅም ጊዜ ያዘው። «አስጠንቅቀሃል ወይስ አላስጠነቀቅህም?» ሲሉት መልስ አልሰጠም። ሁለተኛም ሦስተኛም ጠየቁት። ዝም አለ። ዝም ያለ አመነ ተባለና ተወገዘ።

ያን ዕለት የኢንሳፍ አንጀት በእውነት ቅቤ ጠጣ። ማታውኑ ግን አንድ ነገር ሰማች። ቅሬ ሰው አይቆጥርም፤ ጭስ ነው የሚቆጥር። እሷ የጻፈችው የአንድ ሰው ስም ነበር፤ ከመዝገብ የተሰረዘው ግን ቤቱ ነው። የእትዬ መስኡዳ ጭስ ወጣ። ኢንሳፍ ይህን አላሰበችም። ሴትዮዋ ጤነኛ ናቸው፣ ጊዜ አለ ብላ ራሷን አታለለች። ከውሃው መንገድ ሲገናኙ እሳቸው ቀድመው «ደህና ነሽ ልጄ?» ይሏታል፤ እሷ እንስራዋን ታስተካክላለች።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት። ሦስት ወር ሙሉ ግንባሯን ምድር ላይ ስታሳርፍ የምታየው ያንን ሦስተኛ መስመር ነበር።

*

ከማሳዋ ወደ መቃብሩ ያለው ተዳፋት ይታያል። ፀሐይ ከረር ስትል አንድ ሰው ሲቆፍር አየች።

አብዱልሰመድ ብቻውን ነበር። የሚቆፍርበት መሬቱን ወግቶ ችካል የሚተክልበት የመሥሪያ ቤቱ ዲጅኖ ነው። አካፋው የቅሬው ስለሆነ አፈሩን በእጁና በተሰበረ ሳህን ነው የሚያወጣው። ያ ተዳፋት ድንጋይ ነው፤ ለስምንት ጎረምሳ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ይወጋና ይንበረከካል፤ ይጠርግና እንደገና ይነሳል። ጀናዛ ደግሞ አይቆይም፤ ሙቀቱ እየበረታ ነው።

ኢንሳፍ አረሙን ትታ ቆመች። ይገባዋል አለች በልቧ። የአብደላን እጅ ያቃጠለ እጅ ይድማ። ወዲያው ደግሞ ሌላ ነገር መጣባት፤ መንገድ ዳር የተነጠፈች ነጠላ፣ የደማች፣ በኋላ ታጥባ እንኳ ደሙ ያልለቀቀላት። እትዬ መስኡዳ ያችን ነጠላ ከዚያ በኋላ ለብሰዋት ነበር። ሲጠይቋቸው «የልጅ ልጄ ማኅተም ናት» ይሉ ነበር።

ሄዳ እውነቱን ብትናገርስ? የቅሬውን ሕግ ታውቃለች፤ በሐሰት የከሰሰ በተከሳሹ ቦታ ይቆማል። የእትዬ መስኡዳ ጭስ ሲገባ የኢንሳፍ ጭስ ይወጣል። እሷ ነገ ብትሞት ግዴለም፤ ሰሚሃ ግን አለች። ልጅ ያላት ሴት ሞትን ከሁሉ በላይ የምትፈራው ለራሷ ብላ አይደለም። ሰሚሃ በትኩሳት በተቃጠለች ቁጥር ስንት ሌሊት ትንፋሿን እየቆጠረች አንግታለች። ጡሩምባ የማይነፋበት ቤት ውስጥ ያቺን ልጅ ይዛ እንዴት ትተኛለች?

ተዳፋቱ ላይ አብዱልሰመድ ዲጅኖውን አነሳ፤ ሳይወጋበት ተደግፎት ቀረ።

ኢንሳፍ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወደ መንደሩ ሽቅብ ወጣች።

*

ጡሩምባ ባይነፋም ወንዶቹ ከቅሬው ቤት ውስጥ ተሰብስበዋል። እቤታቸው መቀመጥ ከብዷቸዋል፤ ለቀብር መሄድም አልተፈቀደላቸውም። ለፋፊው ጡሩምባውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ መሬት መሬት ያያል። ኢንሳፍ ስትገባ ወሬው ሁሉ ቆመ። አሕመዲን ከጥግ ሆኖ በዓይኑ ተመለሺ አላት።

አያ አስረስ የከርከሮ ፀጉር የሚመስል ቅንድባቸውን አነሱ። «ሴት ልጅ እዚህ ቤት የምትመጣው ወይ ልትከስ ወይ ልትለምን ነው» አሏት። «የመጀመሪያውን ጨርሰሻል።»

«ደብዳቤዬን ስጡኝ አያ።»

ጸሐፊው ከመዝገቡ ውስጥ አወጣው። ሊያነብላት ጉሮሮውን ሲጠርግ እጇን ዘረጋች። ከዚያ በፊት በዚያ ቤት ሴት ቆማ ወረቀት አላነበበችም። ፊደሉ የራሷ ነው፤ እንደ ጫጩት እግር የተበታተነ። የመጀመሪያውን መስመር አነበበች። ሁለተኛውን አነበበች። ሦስተኛው ላይ ደረሰችና ቆመች። ሰው ሁሉ ማንበብ ያቃታት መሰለው፤ አንዱም ከኋላ «ተይው፣ ልጁ ያንብበው» አለ።

«አላቃተኝም» አለች ኢንሳፍ። «ሐሰት ስለሆነ ነው። አስጠንቅቆኛል። ከግራሩ ሥር፣ ሐሙስ ቀን፣ ለብቻዬ አስቀርቶ ነግሮኛል። ለአሕመዲን ያልነገርኩት እኔ ነኝ።»

አሕመዲን ከተቀመጠበት ተነሳ። አያ አስረስ በከዘራቸው መልሰው አስቀመጡት።

«ለምን አልነገርሽውም?» አሏት።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ኢንሳፍ ግን ሦስት ወር ሙሉ የተሸከመችው ከብዷት ነበርና አወረደችው።

«የእኔን መረብ አያቃጥልም ብዬ ነው። ሌላውን ያቃጥላል፣ የእኔን ለይቶ ይተወዋል ብዬ ነው። ለይቶ አልተወልኝም። በደሉ ይኸው ነው፤ ሌላ በደል የለውም።»

ወንዶቹ ነገሩ ሁሉ ገብቷቸዋል፤ ለምን ለብቻዋ እንዳስቀራት፣ ለምን ተለይታ ልትታይ እንደፈለገች። በዚያ መንደር አንዲት መበለት ከዚህ በላይ ራቁቷን አትቆምም።

«አፉ ብለሽዋል፣ ይቅር ብለሽዋል ማለት ነው?» አሉ አያ አስረስ።

«አላልኩትም» አለች። «ከሱ ጋር ያለኝን አልጨረስኩም። ቂሜ ግን የሱ ነው፤ የእናቱ አይደለም። እሳቸውን ቅበሩልኝ።»

አያ አስረስ ሽማግሌዎቹን አዩ። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ ሕጉን ነገሯት። የመስኡዳ ጭስ ገብቷል፤ የኢንሳፍ ጭስ ወጥቷል፤ የሚመልሳትም የተበደለው አብዱልሰመድ ብቻ ነው፤ እሱ አፉ ካላለ በሯ አይከፈትም። እሷም አውቃ ነው የመጣች። ራሷን ነቀነቀች።

ለፋፊው ከደጁ ሳይደርስ ነፋው። የጡሩምባው ድምፅ ሐይቁን ዞሮ ተመለሰ፤ ጀልባዎች ወደ ዳር ሲዞሩ፣ ሰዎች በየማሳው ቀና ቀና ሲሉ ታየ። ኢንሳፍ ከግድግዳው ተጠግታ አሳለፈቻቸው። ያ ሁሉ ዶማና አካፋ በአጠገቧ ሲያልፍ ቂም የነበረበት ቦታ ባዶ ቀረ፤ ባዶው ደግሞ ከቂሙ ይልቅ አመማት።

*

ከቀብሩ በኋላ ሦስት ቀን ድንኳኑ ተዘርግቶ ዋለ። ኢንሳፍ አልገባችም፤ ከቅሬ የወጣ ለቅሶ አይደርስም። በሦስተኛው ቀን የሰደቃው ሰው ተበትኖ ድንኳኑ ሲፈርስ፣ አብዱልሰመድ ወደ ሐይቁ ሲወርድ አየችው። ከማሳዋ ችካል አጠገብ ደርሶ ቆመ። ሁለት እጁ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

ሰላም አልተባባሉም። እሱ ነው ቀድሞ የተናገረው፣ ሐይቁን እያየ። ከወረዳው የዝውውር ደብዳቤ እንደደረሰው ነገራት፤ ወደ አምባሰል፣ የተከለለውን ተራራ ጥበቃ ሊሠራ። ምክንያቱ በወረቀቱ ላይ አልተጻፈም። እሱ ግን ያውቀዋል። ሐይቁ ዳር ሎጅ የሚያሠራ አንድ ባለሀብት አለ፤ የችካሉ መስመር ግቢውን ያቋርጠዋል፤ አለቃው እሱን ዝለለው ብሎት ነበር። አልዘለለውም፤ ከሰውዬው ግቢ መሐል ችካል ተከለ።

«ያንንም አስጠነቀቅኸው?» አለች ኢንሳፍ።

«እሱንም አስጠንቅቄዋለሁ» አለ። ሊስቅ ፈልጎ አልቻለም።

የምትፈራውን ቀድማ ልትሰማው ፈለገች። «እንግዲህ የቤቴ በር በእጅህ ነው» አለችው። «የፈለግኸውን አድርግ። ብትበቀለኝ ያምርብሃል። ቅሬው ፊት ለምን ዝም እንዳልክ ግን ንገረኝ። አስጠንቅቄያታለሁ ብትል ያምኑህ ነበር።»

አብዱልሰመድ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ አያት። ሦስት ወር ያላየችው ዓይን ነው፤ አሁንም ውስጡ ያለችው እሷው ናት።

«ስምሽን ለመሸፈን መስሎሽ ነበር?» አለ። «እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ወላሂ አይደለም ኢንሳፍ። ቂም ነው። ዝም ያልኩት ልበቀልሽ ነው። እውነቱን በራስሽ አፍ እስክታወጪው፣ በየቀኑ እየበላሽ እንዲኖር ነው። እናቴ፣ ‹ልጄ፣ ሂድና እውነቱን ተናገር፣ ቤታችንን አታስወጣ› ብላ ለምናኛለች። እምቢ አልኳት። አንቺን ስጠብቅ እሷ ሄደች።»

ኢንሳፍ ከችካሉ ላይ እጇን አሳረፈች። ሁለቱም አንድ ሥራ ሠርተዋል። እሷ በጽሑፍ፣ እሱ በዝምታ፤ መካከል ላይ አንዲት ደግ ሴት ነበረች።

«የመጀመሪያ ደብዳቤሽን ለእኔ እንድትጽፊ ጠይቄሽ ነበር» አለ አብዱልሰመድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አያ አስረስ ሲሰጡኝ እጅሽን አወቅሁት። ሰማያዊውንም ቀለም አወቅሁት። ሐሰት እንደሆነ እያወቅሁ፣ አቤት እንዴት ጻፈችው ብዬ ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም፤ መስመሩን ሁሉ በቃሌ ይዤዋለሁ።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ለአብደላም፣ ለመረቡም፣ ለእትዬ መስኡዳም ያላለቀሰችውን አንድ ላይ። እሱ በተጠቀለለ እጁ ሊነካት ቃጣና መልሶ ያዘው።

«ነገ ከመሄዴ በፊት አያ አስረስ ዘንድ እሄዳለሁ» አላት። «አፉ ብያታለሁ እላቸዋለሁ። በርሽ ይከፈታል።»

ኢንሳፍ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ነጠላዋ ላይ የሽንኩርት አፈር ነበረና ፊቷን አቆሸሸው።

«ቤቴን አስከፍትልኝ፤ ሰሚሃ አለች» አለችው። «እኔን ግን በልብህ አፉ እንዳትለኝ። አፉ ያልከኝ ቀን ትረሳኛለህ። እኔም አልልህም። ቂማችንን ይዘህ ሂድ፤ አምባሰል ሩቅ አይደለም።»

አብዱልሰመድ የተጠቀለለ እጁን ከችካሉ ላይ አሳረፈ።

«ትጽፊልኛለሽ?» አለ።

«ስድብ ነው የምጽፍልህ» አለች ኢንሳፍ፤ ይህን ስትል ደረቷ ውስጥ፣ መረቡ ከተቃጠለ ጀምሮ ቀልጦ ጥቁር ድንጋይ ሆኖ የተቀመጠው ነገር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞቅ አላት።